ቀስቱ 80 ይላል፣ መኪናው ስንት እየሄደ ነው?
የአሮጌ መኪና ፍጥነት መለኪያ ማስተካከያ፣ ከጀማይዜ እስከ ጁንየ መንገድ

የመኪናዎ የፍጥነት መለኪያ ልክ አይደለም ብለው ከጠረጠሩ፣ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ሰዓት ያንሱ። በአሮጌ መኪና ላይ ስህተቱ የሚመጣው ከአራት ቦታ ነው፤ ከጎማው፣ ከካምቢዮው ጥርስ፣ ከገመዱ፣ ወይም ከራሱ ከጌጁ። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ክሩስኮት የሚፈታ ሰው በገንዘብዎ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጎማ ላይ ሆኖ ሳለ ጌጁ ይፈታል፤ ደህና የነበረው ሞላ ይነካካል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ስህተት ተደራርቦ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ቤይሩት፣ ጀማይዜ ውስጥ፣ ጉሮ ጎዳና ላይ፣ መለኪያው ቢሠራም ባይሠራም ለውጥ የለውም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ መኪናው ግራና ቀኝ ቆሞ ሌላው በመካከል እየታከከ ያልፋል። ነገሩ የሚከብደው ወደ ሻርል ሄሉ ወርደው፣ ዶራን አልፈው፣ ወደ ጁንየ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሲይዙ ነው። እዚያ ላይ 80 እየሄድኩ ነው ብሎ 90 የሚሄድ ሰው ፍሬን የሚይዝበትን ርቀት አሳስቷል። በተለይ የመኖሪያ ወረቀቱ በአሠሪ ስም ለታሰረ ወገናችን፣ በፍጥነት ምክንያት በፖሊስ መቆም ከገንዘብ ቅጣት ያለፈ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ነገር አይዩት።

ቤይሩት ለዚህ ችግር የተመቸች ከተማ ናት። ቀይ ሰሌዳ ለጥፈው በሰርቪስ፣ ማለትም በጋራ ታክሲነት፣ የሚሠሩ አሮጌ መርሰዲሶች ዛሬም አሉ። ከ1976 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የተሠራው ደብልዩ 123ም ሆነ እሱን የተካው ደብልዩ 124 ለአሥርት ዓመታት ጎማ ሲቀየርላቸው፣ ካምቢዮ ሲወርድላቸው፣ ክሩስኮት ሲፈታላቸው ኖረዋል። ያገለገሉ የአሜሪካ መኪኖችም በብዛት ስለገቡ መለኪያቸው ማይል የሚቆጥር አለ። በዚህ ላይ ነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የደረሰው የወደቡ ፍንዳታ አለ። ጀማይዜና ማር ሚካኤል ላይ ቆመው የነበሩ መኪኖች ተጨፍልቀዋል፤ መኪናዎ ከዚያ በኋላ ከሌላ መኪና በተነቀለ ዕቃ የተጠገነ ከሆነ፣ ጌጁም ከሌላ ሞዴል የመጣ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ።

እውነተኛውን ፍጥነት ማግኘት

ሌላ አገር ቢሆን ስልክዎን ያውጡና ከሳተላይት የሚመጣውን ፍጥነት ያንብቡ እልዎት ነበር። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች አሁንም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ሰማዩ ክፍት በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ለምሳሌ በ2014 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ፍጥነቱን ሳይቀያይሩ ሲነዱ የስልኩ ቁጥር ከአሮጌ ጌጅ ይልቅ ይታመናል። ቤይሩት ግን ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሳተላይት ምልክት ሲታወክ ቆይቷል። ሐምራ ላይ የቆመ ሰው ስልኩ ራፊቅ ሐሪሪ አውሮፕላን ማረፊያ ነህ ይለው ነበር፤ አንዳንዴም አገር አሻግሮ አማን ያደርሰው ነበር። የሊባኖስ መንግሥት መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት አቤት እንደሚል አስታውቆ ነበር። ቦታዎን የሚያሳስት ስልክ ፍጥነትዎንም ያሳስታል። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ከቦታው የሚዘል ከሆነ በዚያን ቀን ስልኩን አይመኑት።

ሰዓት ግን አይታወክም። ካርታውን እንደ ሥዕል ብቻ ይጠቀሙበት፤ የርቀት መለኪያው የተነሣውን ምስል ስለሚለካ ያሉበትን ቦታ ማወቅ አያስፈልገውም። ከድባየ ወደ ናህር አል ከልብ በባሕሩ ዳር የሚሄደውን መንገድ ይክፈቱና ከሩቅ የሚለዩ ሁለት ነገሮች ይምረጡ። የእግረኛ መሻገሪያ ድልድይ ከሁሉ ይሻላል፤ ጥላው መንገዱ ላይ ስለሚያርፍ ከሳተላይት ምስሉ ላይ በግልጽ ይታያል። በመንገዱ መሐል መሥመር እያሰመሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትርም ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ግን የጣት መዘግየት ውጤቱን ያበላሸዋል።

ፈተናው የሚደረገው እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። አንድ ረዳት ይያዙ። አሽከርካሪው ሰዓት አይነካም፣ ስልክም አያይም፤ ሥራው ቀስቱን 80 ላይ አጽንቶ መያዝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ከመድረሱ ቀደም ብሎ ፍጥነቱ የረጋ መሆን አለበት። ረዳቱ ድልድዩ ከጭንቅላቱ በላይ ሲያልፍ ሰዓቱን ያስነሣል፣ ሁለተኛው ላይ ያቆማል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስደው በ3600 ያባዙ፣ ባለፈው ሰኮንድ ያካፍሉ። ሁለት ኪሎ ሜትሩ 90 ሰኮንድ ከፈጀ መኪናው በእርግጥ 80 ይሄዳል። 100 ሰኮንድ ከፈጀ 72 ነው። 86 ሰኮንድ ከሆነ ደግሞ ወደ 84 ይጠጋል።

ይህንን በሁለት ፍጥነት ያድርጉ፤ አንዴ 50 ላይ፣ አንዴ 80 ላይ። እያንዳንዱንም በሁለቱም አቅጣጫ ይድገሙትና አማካዩን ይውሰዱ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

አሁን መፍረድ ይችላሉ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ሁለት ነገር ይላል። መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ በፍጹም ማሳየት የለበትም፤ አብልጦ ቢያሳይ ደግሞ ብልጫው ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር በላይ መሆን የለበትም። መኪናው 72 እየሄደ ጌጁ 80 ቢል ልዩነቱ 8 ነው፤ የተፈቀደው 11.2 ስለሆነ ደንቡን አልጣሰም። ጌጁ 80 እያለ መኪናው 84 የሚሄድ ከሆነ ግን ልዩነቱ 4 ብቻ ቢሆንም አደገኛው ይኸኛው ነው። አብልጦ የሚያሳይ መለኪያ ያዘገይዎታል፤ አሳንሶ የሚያሳይ ግን ሳያውቁት ያስሮጥዎታል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሲገኝ ያስተካክሉት፤ ሁለተኛውን በዚሁ ሳምንት።

እስኪያስተካክሉ ድረስ ትንሽ ወረቀት ቆርጠው ከጌጁ አጠገብ ይለጥፉ፤ «50 ሲል 45፣ 80 ሲል 72» ብለው ይጻፉበት። ስህተቱ በማብለጥ በኩል ከሆነና ከደንቡ ካልወጣ በዚህ ወረቀት ብቻ ዓመታት መንዳት ይቻላል፤ እኔም በዚህ ነገር ገንዘብ አጥፉ አልልም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጠይቁት

በገመድ በሚሠራ መኪና ላይ ቀስቱና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚነዱት በአንድ ገመድ ነው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ቆጣሪው ከገመዱ ጋር በጥርስ የተያያዘ ስለሆነ ገመዱ የዞረውን ያህል ይቆጥራል፤ መጨመርም መቀነስም አይችልም። ቀስቱ ግን በማግኔትና በሞላ የሚንቀሳቀስ ነው፤ እሱ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ጌጁን ሳይፈቱ ውስጡን የማየት ያህል ነው።

ካርታው ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ለክተው ይንዱና ቆጣሪው ስንት እንደጨመረ ያንብቡ። ቀስቱ በአንድ አሥረኛ እያበለጠ ቆጣሪውም 11 ካለ፣ ጥፋቱ ከጌጁ በፊት ነው፤ ጎማ ወይም ጥርስ ተቀይሯል፣ ወይም ጌጁ የዚህ መኪና አይደለም። ቆጣሪው ልክ 10 ብሎ ቀስቱ ብቻ ካበለጠ ግን ጎማውንና ካምቢዮውን ይተዉ፤ ችግሩ ጌጁ ውስጥ ነው። ቀስቱ እየሠራ ቆጣሪው ጭራሽ ካልቆጠረ፣ በእነዚህ አሮጌ መርሰዲሶች ላይ የተለመደ በሽታ ነው፤ ጌጁ ውስጥ ያለችው ትንሿ ጥርስ በዘንጓ ላይ ላልታ በባዶ ትዞራለች።

የሁለቱ ፍጥነቶች ውጤትም የራሱ ነገር አለው። 50 ሲል 45፣ 80 ሲል 75 ከሆነ፣ ማለትም በሁለቱም ላይ እኩል 5 ከጎደለ፣ አንድ ሰው ቀስቱን ነቅሎ ሲመልስ ቦታውን አስቶታል። ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገመዱን ይጠርጥሩ። መለኪያው በማይል ከሆነ ደግሞ ምንም አልተበላሸም፤ የሚያነቡትን ቁጥር በ1.609 ያባዙ።

ጎማ

በሩ ላይ ወይም በነዳጅ መክደኛው ውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ፣ ከሌለም የመኪናውን መጽሐፍ ይመልከቱና የፋብሪካውን የጎማ ልክ ያግኙ። ከዚያ አሁን የተገጠመውን ያንብቡ። ደብልዩ 124 ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ሞተሩ 185/65 አር 15 ወይም 195/65 አር 15 ይገጠምለት ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋት ነው በሚሊ ሜትር፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ነው፤ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ቁመቱን ለማግኘት 185 በ0.65 ሲባዛ 120.25 ይሆናል፤ ከላይም ከታችም ስላለ 240.5፤ ቸርኬው 15 በ25.4፣ 381፤ ድምሩ 621.5 ሚሊ ሜትር። በዚሁ መንገድ 195/65 ሲሰላ 634.5 ይመጣል፤ ልዩነቱ በመቶ 2 ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ግን ለ185/65 በተሰናዳ መኪና ላይ ጎሚስታው 205/65 ቢገጥምለት 647.5 ይሆናል፤ በመቶ 4 ከፍ ይላል። ጌጁ 100 ሲል መኪናው 104 ይሄዳል ማለት ነው፤ ያውም አሳንሶ በማሳየት በኩል።

አሮጌ ጎማም ያሳስታል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው፤ ወደ 2 ሲወርድ ዲያሜትሩ በ12 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፣ ያም በመቶ 2 ገደማ ነው። ትንሽ ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ጌጁ ያበልጣል። ስለዚህ በተላጠ ጎማ ላይ ለክተው ጥርስ ቢቀይሩ፣ አዲስ ጎማ ያስገቡ ዕለት ሥራው ይፈርሳል።

በስሌቱ ላይ ብቻ አይቁሙ፤ በጠመኔ ይለኩ። ነፋሱ ልክ ይሁን፣ አሽከርካሪው በቦታው ይቀመጥ። ጎማው መሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ጎማውንም መሬቱንም በአንድ መሥመር ያስምሩ። መኪናውን ቀጥ አድርገው ምልክቱ ዞሮ መሬት እስኪነካ ይግፉ፤ እንደገና ያስምሩ፤ በሜትር ይለኩ። ጎማ በክብደት ስለሚተኛ ውጤቱ ከስሌቱ ትንሽ ያንሳል፤ አይደንግጡ። የሚለካው ግን ካምቢዮው የሚነዳው ጎማ ነው። መርሰዲስና ላዳ ላይ የኋላው ማለት ነው።

ገመድ

ከካምቢዮው ጎን የሚነሣው ገመድ፣ አንዳንድ መካኒኮች ፊሎ የሚሉት፣ ሽፋን ያለው የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። ሽቦው ከደረቀ ወይም ከታጠፈ እየተያዘ እየተለቀቀ ይዞራል፤ ቀስቱም ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ይፍቱ። ደብልዩ 123 ላይ የጌጆቹ ሰሌዳ በቪቴ የታሰረ አይደለም፤ በጎማ ተጣብቆ የተቀመጠ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ወደ ፊት ይሳባል። እዚህ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። የዚህ መኪና የዘይት ግፊት መለኪያ በኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ከሞተሩ ቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ጌጁ ጀርባ ይመጣል። ሰሌዳውን በኃይል የሳበ ሰው ያንን ቱቦ ይሰብራል፤ ሞተሩ ሲነሣም ትኩስ ዘይት እግሩ ላይ ይፈሳል። ሰሌዳው አልመጣም ካለ አይታገሉት፤ ረዳትዎ ከሞተሩ ክፍል በኩል ገመዱን ትንሽ ይግፋልዎት፤ ላላ ሲል ሰሌዳው ይወጣል፤ እጅዎን አስገብተው የገመዱን ማሰሪያ በጣት ይፍቱ።

ሽቦውን ከሽፋኑ ይሳቡትና በላምባ ያጥቡት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ወይም መስታወት ላይ ዘርግተው በጣትዎ ያንከባሉት። ደህና ሽቦ ዝም ብሎ ይንከባለላል፤ የታጠፈ ግን ጫፉ ይዘላል። የዘለለ ሽቦ በማቃናት አይድንም፤ ይቀየር። ደህና ከሆነ ከታች ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ ወደ ጌጁ የሚገባውን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ይተዉት። ግራሶ ያበዛ መካኒክ ለገመዱ የጠቀመ ይመስለዋል፤ ግራሶው ግን ሽቦው ሲሽከረከር ወደ ላይ እየወጣ ጌጁ ውስጥ ይገባል።

የገመዱ ጫፍ በዘይት ርሶ ካገኙት ግራሶ አይደለም፤ የካምቢዮ ዘይት ነው። በካምቢዮው በኩል ዘይት የሚይዘው ትንሽ ጎማ አርጅቷል፤ ጎማውን ሳይቀይሩ ገመዱን መመለስ ዋጋ የለውም። ሲመልሱም ገመዱ በጠባብ አይታጠፍ፤ ሰፋ ባለ ክብ ይለፍ፤ የጭስ ማውጫውን አይንካ።

ሰሌዳው ከወጣ አይቀር ከሁሉም ይበልጥ የምወደውን ፈተና ያድርጉ። ሳተላይት አይፈልግም፣ አውራ ጎዳናም አይፈልግም። የገመዱ ታችኛ ጫፍ ካምቢዮው ላይ ይታሰር፤ ላይኛው ጫፍ ከክሩስኮቱ ቀዳዳ ወጥቶ ይንጠልጠል። የሽቦው ራስ ላይ በፕላስተር ትንሽ የወረቀት ባንዲራ ይለጥፉ። በጀማይዜ ወደ አሽረፊየ የሚወጡትን ዳገቶች ይተዉና ሜዳ የሆነ የመኪና ማቆሚያ ያግኙ። 50 ሜትር በጠመኔ ይለኩ። ካምቢዮውን ፎሌ ላይ ያድርጉ፤ አንድ ሰው መሪ ይዞ ባንዲራውን እየቆጠረ፣ ሁለት ሰው ቀስ አድርጎ ይግፋ። ፍሬን የሚይዝ ሰው ከመሪው አይራቅ። ባንዲራው በመጨረሻ ግማሽ ወይም ሩብ ዙር ላይ ከቆመ እሱንም ይጻፉ። ወደ ቀኝ ይዞር ወይም ወደ ግራ ይዞር እንደነበርም ይጻፉ፤ በኋላ ይፈለጋል።

የቆጠሩትን በ20 ያባዙ፤ ገመዱ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ እንደሚዞር አገኙ። አሁን የጌጁን ፊት ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ብዙ የጀርመን ጌጆች ላይ በጣም ትንሽ ፊደል፣ ደብልዩ ወይም ኬ፣ ከቁጥር ጋር ታትማ ትገኛለች፤ ጌጁ የተሠራው ለስንት ዙር እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። 1.0 ተብላ ከተጻፈች በሜትር አንድ፣ በኪሎ ሜትር 1000 ዙር ነው። የጃፓን ጌጆች ብዙውን ጊዜ ለ637 ዙር የተሠሩ ናቸው። ባንዲራዎ 55 ጊዜ ዞሮ ከሆነ 1100 ነው፤ የጌጁ ቁጥር 1000 ከሆነ አንድ አሥረኛ ያበልጣል። ቁጥሮቹ ከገጠሙና ቀስቱ ግን ከተሳሳተ፣ ጎማውም ጥርሱም ነጻ ናቸው፤ ጌጁ ይጠየቅ።

የካምቢዮ ጥርስ

የባንዲራው ቆጠራ ከጌጁ ቁጥር ካልገጠመ፣ ጎማው የፋብሪካው ልክ፣ ጌጁም የመኪናው የራሱ ከሆነ፣ ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል ተቀይሯል። ይህ ነገር በአገር ቤት ላዳ ታክሲ ላይ በደንብ ይታያል። የላዳ ዕቃ ከሞዴል ሞዴል ስለሚገጥም ያልቃል፣ ይቀየራል፣ ታክሲው ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን የ2101 ዲፈረንሻል 4.3 ሲሆን የ2106ቱ 3.9 ነው። በ2101 ላይ የ2106 ዲፈረንሻል ገብቶ የካምቢዮው የኪሎ ሜትር ጥርስ ካልተቀየረ፣ ጌጁ 80 ሲል መኪናው 88 ይሄዳል። መኪናው ፈጠን ያለ ስለሚመስል ባለቤቱ ይደሰታል፤ ያመለጠውን 8 ኪሎ ሜትር ግን የሚነግረው የለም።

ማስተካከያው ገመዱ ካምቢዮው ላይ በሚገባበት ቦታ ያለችው ትንሽ ጥርስ ናት። በኋላ ጎማ በሚነዱ ብዙ ቶዮታዎች ላይ በአንድ ብሎን የተያዘች ናት፤ ብሎኗ ሲፈታ ከነመያዣዋ ትወጣለች። ጥርሶቿን ይቁጠሩ። አዲሱን ቁጥር ለማግኘት የአሁኑን ጥርስ ቁጥር በጌጁ ንባብ አባዝተው በእውነተኛው ፍጥነት ያካፍሉ። 20 ጥርስ ኖሯት፣ ጌጁ 80 ሲል መኪናው 72 ከሄደ፣ 22.2 ይመጣል፤ ባለ 22 ይፈልጉ። ጥርስ ሲበዛ ገመዱ ይዘገያል፣ ጥርስ ሲያንስ ይፈጥናል። ከመኪናው በታች ከገቡ ክሪክ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር ድጋፍ ያቁሙ፣ ለጎማው ታኮ ያድርጉ።

መርሰዲሱ ላይ ጥርስ መቀየሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እዚያ የሚሻለው ቁጥሩ ከባንዲራዎ ቆጠራ ጋር የሚቀራረብ ጌጅ መፈለግ ነው። ቡርጅ ሐሙድና ዶራ አካባቢ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡትን «ከስር» ብለው ይጠይቁ፤ ጌጁን «ዓዳድ» ይሉታል። ከ2019 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ዕቃ በዶላር ስለሚከፈል፣ ሳይከፍሉ በፊት ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ያንብቡ። ሻጩ «ያው ነው፣ ይገጥማል» ይልዎታል። መግጠሙ እውነት ነው፤ ማንበቡ ግን በዚያች ቁጥር ይወሰናል።

ጌጁ

አሠራሩን ማወቅ ለምን መነካካት እንደሌለብዎት ያስረዳል። የስትራስቡርጉ ኦቶ ሹልትሰ በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ ዛሬ ያው ነው። ገመዱ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱን የሸፈነ የአሉሚኒየም ክዳን አለ፤ ቀስቱ የተያያዘው ከክዳኑ ጋር ነው። ማግኔቱና ክዳኑ አይነካኩም፤ ማግኔቱ ሲዞር ክዳኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥርና ክዳኑን አብሮት እንዲዞር ይጎትተዋል። ከጸጉር ብዙም የማትወፍር ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። ፍጥነት ሲጨምር ጉተታው ያይላል፣ ቀስቱ ይወጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ስህተቱን መገመት ይቻላል። ማግኔቱ በዕድሜ ሲደክም ጌጁ ያሳንሳል። ሞላዋ ስትላላ ያበልጣል። በማግኔቱና በክዳኑ መካከል ዘይት ከገባ ማግኔቱ ክዳኑን በዘይቱ ይዞ ስለሚወስደው ቀስቱ ያለልክ ይወጣል፣ ወይም ሲቆሙ ቶሎ አይመለስም። ዘይቱን ማጠብ ይቻላል፤ ሞላዋን ማጠፍ ወይም ማግኔቱን ማደስ ግን በቤት የሚሞከር አይደለም። ጌጅ የሚያድስ ባለሙያ፣ ወይም ቤይሩት ላይ «ከህረብጂ» የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ይሂዱ፤ ግን ምን እንደሚጠይቁ አውቀው ይሂዱ።

የሚጠይቁት ይህን ነው። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ጌጁ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ያለምንም ስሌት 60 ላይ የሚፈለገው የደቂቃ ዙር ነው። የ1000 ጌጅ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲሽከረከር 60 ማለት አለበት፤ በ2000 ደግሞ 120። የጃፓኑ በ637 ላይ 60። ባለሙያው ጌጁን በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አስሮ ዙሩን እየለካ ሁለቱን ነጥብ ያሳይዎት። ተራ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የሚጠቀም ከሆነ የዙር መለኪያ ይኑረው፤ ባንዲራው የነገረዎትን አቅጣጫም ይንገሩት፤ በተቃራኒው ካሽከረከረው ጌጁን ሊሰብረው ይችላል። ቀስቱ ተነቅሎ ከሆነም ዜሮ ላይ እያዩ ከመመለስ ይልቅ ለ60 በሚፈለገው ዙር እየተሽከረከረ 60 ላይ ማስቀመጡ ይበልጣል፤ ዜሮው ላይ ያለው ማቆሚያ ፒን ስህተቱን ይደብቃልና።

ገመድ የሌላቸው፣ ከካምቢዮው በሴንሰር የሚያነቡ መኪኖች መንገዳቸው አጭር ነው፤ የሰዓቱን ፈተና ያድርጉ፣ ጎማውን ያረጋግጡ፣ ቀሪው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው። በኮምፒውተር መሰኪያው የሚያነቡት ፍጥነት ማረጋገጫ እንዳይመስልዎት፤ እሱም ከዚያው ሴንሰር የሚመጣ ነው።

ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር

ጌጅ ሲቀየር የመኪናው ዕድሜም አብሮ ይቀየራል። 380,000 የሄደ መኪና ላይ 140,000 የሚል ዓዳድ ሲገባ ቀጣዩ ገዢ ይታለላል፤ እርስዎ አስበው ባያደርጉትም መታለሉ አይቀርም። የአሮጌውን ጌጅ ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ቀኑን፣ የወጣውንና የገባውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ከመኪናው ወረቀቶች ጋር ያስቀምጡ። የዘይትና የቀበቶ መቀየሪያ ጊዜም የሚሰላው በዚያው ነው፤ ያላወቀ ሰው በአዲሱ ቁጥር ተታልሎ ሞተሩን ይበላል።

ጥገናው እንዳለቀ ወደዚያው መንገድ፣ ወደነዚያው ሁለት ድልድዮች ይመለሱና 50 እና 80 ላይ እንደገና በሰዓት ይለኩ። በእውነተኛ 80 ላይ ጌጁ ከ80 እስከ 84 ቢያሳይ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ልክ ለማድረግ ሲባል ጌጁን ደጋግሞ መፍታት ጉዳቱ ያመዝናል። ከ80 በታች ካሳየ ግን ሥራው አላለቀም፤ ለባለሙያው ይመልሱት። አዲሱን ውጤትና የጎማውን ልክ በአሮጌው ወረቀት ላይ ይጨምሩ፤ ጎማ በቀየሩ ቁጥርም ፈተናውን ይድገሙት።